የጾም ጎመን በጣሳ

ደባርቅ ላይ ብርዱ የሚብሰው ሰማዩ ሲጠራ ነው። ክረምቱ ጭቃና ጉም ነው፤ ያንቀጠቅጣል እንጂ ቅጠል አይገድልም። ቅጠል የሚገድለው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሌሊት አመዳይ ይወርዳል፣ ጠዋት ደጅ ያደረ ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ይገኛል። በእነዚህ ወራት የማታ ሥራዬ የታወቀ ነው፤ ከበረንዳው ላይ ጣሳዎቼን አንድ በአንድ አንስቼ ወደ ቤት አስገባለሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ደግሞ አንድ በአንድ አወጣቸዋለሁ። ሃያ ሦስት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሰባ ልጅ ፊት ቆሜ ስጮህ ውዬ፣ ከቦኖ ውሃ ቀድቼ፣ እሳት አያይዤ፣ ከዚያ ሃያ ሦስት ጣሳ መሸከም ምን የሚሉት ፍቅር እንደሆነ ራሴንም ጠይቄዋለሁ። የማውቀው ወገቤን እንደሚያመኝ ብቻ ነው።

«ተማሪዎችሽ ገቡ?» ይሉኛል አባቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው።

«ገቡ አባዬ።»

«የቀረ የለም?»

«የቀረ የለም።»

ይህ በየማታው ነው። እያሾፉብኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳይጠይቁኝ የቀሩ ማታ ግን ቅር ይለኛል።

ጣሳ ስል ሁሉም ጣሳ አይደለም። የወተት ዱቄት ጣሳ አለ፣ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አለ፣ ከንፈሩ የተሸረፈ የሸክላ ድስት አለ። ጤና አዳም አለኝ፣ የጥብስ ቅጠል አለኝ፣ ሁለት እሬት አለኝ፣ በየዓመቱ ሞተ ስለው የሚተርፍ አንድ በሶብላም አለኝ። ከሁሉም የምወደው ግን ስሙን የማላውቀው ቀይ አበባ ነው። ቡይት ራስ ካሉት ሎጆች በአንዱ ወጥ ቤት ትሠራ የነበረች ሴት በደህናው ጊዜ፣ እንግዳ እንደልብ በሚመጣበት ጊዜ፣ ቅርንጫፍ ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ውርጩ ውጭ ሁሉን ነገር ሲያጠወልግ እሱ መስኮቴ ሥር ያብባል። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ስትገባ በርጩማዬን ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ የደረቀ ቅጠል እለቅማለሁ፣ አፈሩን በጣቴ እነካካለሁ፣ ምንም አላስብም። ደስ ይለኛል። ከዚያች ሰዓት ሌላ በሳምንቱ ውስጥ የራሴ የምለው ጊዜ የለኝም።

አባቴ ቀዩን አበባ አይወዱትም። «አይበላ፣ አይጠጣ፣ ለራስ ምታት አይሆን» ይሉታል። ጤና አዳሙን ግን ሲያልፉ ሁልጊዜ ቀንጠስ አድርገው ያሸታሉ። ዐይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ጣሳዎቹን የሚያውቋቸው በእጃቸውና በአፍንጫቸው ነው።

አባቴ የአብነት መምህር ነበሩ። ደረስጌ በኩል ባለ አንድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆች ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቁት በባሕረ ሐሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ ጾምና በዓል በየዓመቱ የሚውልበትን ቀን የሚያወጣው ቁጥር ነው። ሌላው ብራናና ቀለም ሲፈልግ እሳቸው በጣታቸው አንጓ ብቻ ቆጥረው ያወጡት ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔ ዘንድ መጡ። እዚህም ሰፈሩ «የኔታ» ይላቸዋል፣ እዚህም ቀን የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ቤታችን ውስጥ ካላንደር ተሰቅሎ አያውቅም። ስልኬ የሚያሳየው የፈረንጁን ቀን ነው፤ የእኛን ቀን ስፈልግ ጠዋት በር ላይ ቆሜ «አባዬ፣ ዛሬ ስንት ነው?» እላለሁ፤ ቀኑንም፣ የዕለቱንም ቅዱስ አያይዘው ይነግሩኛል።

ከቤቱ ኋላ ያለችው ጓሮ ስምንት እርምጃ በስድስት እርምጃ ናት። የጓሮው ሥራ የሚታሰበው በብርዱ ወራት፣ ምንም ሊዘራባት በማይቻልበት ጊዜ ነው፤ የሚታሰበውም በጾም ነው። ሌላ ሰው ጓሮውን በዝናብ ያቅዳል፣ አባቴ በሁዳዴ ያቅዱታል። «ጾሙ ሲጋመስ ቅጠል ይቀጠፍ» ነው ሕጋቸው፤ የጾሙ እኩሌታ ደግሞ ደብረ ዘይት የሚባለው እሑድ ነው። ከዚያ እሑድ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ ጎመኑ መሬት ውስጥ ይህን ያህል ቀን፣ ችግኙ በጣሳ አርባ ቀን፣ እያሉ ዘሩ የሚነከርበት ዕለት ላይ ይደርሳሉ። እኔ በተማሪ ፈተና ወረቀት ጀርባ መደቦቹን እሥላለሁ፤ ድንቹ ከአጥሩ ሥር፣ ቆስጣው ውሃ በሚደርስበት፣ ነጭ ሽንኩርቱ ዙሪያውን። መንገዱ ክፍት ከሆነ የድንቹን ዘር ከዳባት አስመጣለሁ፤ ካልሆነ ካለው እንቆርጣለን። መንገድ ሲዘጋ ከጎንደር አትክልት አይመጣም፣ ጾም ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቀርም። ስለዚህ ያቺ ጓሮ ለእኛ ጨዋታ አልነበረችም።

ያን ዓመት የሆነው እንዲህ ነው።

ዕንቁጣጣሽ ዕለት አባቴን ጉልበታቸውን አሟቸው ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ ቀሩ። የዓመቱ ጾምና በዓል የሚታወጀው በዚያ ቀን ነው። እኔም እሳቸውን ልጠብቅ ብዬ ቀረሁ። እሳቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩና «ጾሙ ዘንድሮ ራቅ ይላል፤ መጋቢት ሰባት ይገባል» አሉኝ። «ይሁን» አልኩ። ለጠየቃቸውም ሁሉ ያንኑ ነገሩ። ማንም የተለየ ነገር አላላቸውም።

ኅዳር ሲጋመስ ወረቀቴን ዘረጋሁ። አባቴ ጾሙን ከመጋቢት ሰባት ጀምረው፣ ከደብረ ዘይቱ ወደ ኋላ ቆጥረው «ጎመኑ ጥምቀት ካለፈ ይዘራል፤ አትቸኩዪ፣ ብርዱም ያልፍልሻል» አሉ። ደስ አለኝ፤ ደክሞኝ ስለነበር አንድ ወር ያህል ከአንድ ሥራ ማረፍ ትልቅ ነገር ነበር። በዚሁ ሰሞን ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን፣ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴትዮ፣ የልጃቸውን ሠርግ ጥር መጀመሪያ ላይ አደረግነው ብለው መጥተው ነገሩን። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ አባቴን ገረማቸው።

«ምን አስቸኮላት? እስከ የካቲት መጨረሻ ጊዜ እንዳላት ነግሬያት ነበር እኮ» አሉ።

«የወንዱ ወገን አስቸኩሎ ይሆናል» አልኩ፣ ልብ ሳልለው።

ለገና በዓል ሳምንት ሲቀረው ነው ያየሁት። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ነበር፤ ፊት ለፊቴ ካላንደር ተሰቅሏል። አንድ አስተማሪ የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ትምህርት መቼ እንጀምረው እያለ ገጹን ገለጠው። የካቲት ላይ፣ ዘጠኝ ከሚለው ቁጥር አጠገብ፣ «ዐቢይ ጾም» ይላል።

«ይህ ካላንደር ተሳስቷል» አልኩ።

የሒሳብ አስተማሪው ዞሮ አየኝ። «ምኑ ላይ?»

«ጾሙ መጋቢት ነው የሚገባው። አባቴ ቆጥረውታል።»

«እንግዲያው ላተሙት ሰዎች ደውይላቸዋ» አለና ሻዩን ቀጠለ።

አልቀለድኩም። ከልቤ ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ጥግ ያለው ሱቅ ገብቼ የእነሱን ካላንደር አየሁ፤ የካቲት ዘጠኝ ይላል። ፋርማሲው ውስጥም አየሁ፤ የካቲት ዘጠኝ ይላል። ሦስት ካላንደር አንድ ላይ ተሳስተው አባቴ ብቻ ልክ ሊሆኑ አይችሉም፤ ይህን ለመቀበል ግን ከፋርማሲው እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ሁሉ አልበቃኝም። መሃል መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ፣ ከቤታችን ግድግዳ ማዶ ጀማሪዎቹ ተማሪዎች የሚሉትን እሰማ ነበር፤ ጾሙ ከየካቲት አንድ ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት አምስትም አልፎ አይገባም እያሉ። የመጀመሪያ ትምህርታቸው ነው። መጋቢት ሰባት የሚባል የጾም መግቢያ በዓለም ላይ የለም። ይህን ያስተማሯቸው አባቴ ናቸው።

ስገባ መደባቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «ደህና ዋልሽ?» አሉኝ። «ደህና ዋልኩ» አልኩ። ጉልበታቸው ሲያማቸው፣ ዐይናቸው ሲፈዝ፣ ያኔ እንዲህ አልፈራሁም። የሚፈሩት ነገር ሌላ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እናቴ ከመሞቷ በፊት ስማችንን ስትረሳ አጠገቧ ተቀምጠው «እኔን ቁጥሩ ሳይጠፋኝ ይውሰደኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። አሁን ብነግራቸው ምን እነግራቸዋለሁ? 

ዝም ብልስ ጎመኑን ምን አደርገዋለሁ? ደብረ ዘይት ለመድረስ ችግኙ መፍላት የነበረበት ከዐሥር ቀን በፊት ነው። ጥምቀት እስኪያልፍ ብጠብቅ ጾሙን በሽሮ ብቻ ልንገፋው ነው። የጎመኑ ዘር በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ከራስጌያቸው ይሰቀላል። ለቅዳሴ የሄዱ ቀን ጠብቄ አወረድኩት፣ ግማሹን ወሰድኩ፣ መልሼ ቋጠርኩት። በአራት ጣሳ ዘራሁና ከሌሎቹ ጋር ሳስገባቸው ከቀዩ አበባ ኋላ፣ መስኮቱ ጥግ፣ እሳቸው የማይነኩት ቦታ አስቀምጣቸው ጀመር። ማታ «ተማሪዎችሽ ገቡ?» ሲሉኝ ሃያ ሰባት ተሸክሜ እያስገባሁ «ገቡ» እላለሁ። ሌባ የሆንኩት ለእሳቸው ብዬ እንደሆነ ለራሴ እነግረው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን መሸሸጉ ከመንገር ስለቀለለኝም ነው።

ችግኞቹ ወጡ። በዚያ ብርድ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ አራት አራት ቅጠል ያዙ። ቅዳሜ ጠዋት በርጩማዬን ስቤ ስቀመጥ የማገኘው ደስታ ግን ቀረ፤ ጆሮዬ ወደ መደቡ ነው፣ ተነሡ አልተነሡ እያልኩ።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከቦኖ ሁለት ጀሪካን ተሸክሜ ስገባ አባቴ ቆመው ጠበቁኝ። ጠዋት ረፍዶብኝ ጣሳዎቹን ሳላወጣ ሄጄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስተምሬ፣ ከዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ እጄ በገመዱ ተልጦ ነበር።

«በይ እንግዲህ፣ የጎመኑ ቀን ደረሰ። ቋጠሮውን አውርጂልኝ» አሉ።

አወረድኩላቸው። ፈቱት፣ መዳፋቸው ላይ ገለበጡት፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ጎድሏል።»

«አይጥ ይሆናል አባዬ።»

«አይጥ ቋጠሮ ፈትቶ፣ በልቶ፣ መልሶ ይቋጥራል?»

እጃቸውን እየዘረጉ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጤና አዳሙን ነኩ፣ የጥብስ ቅጠሉን ነኩ፣ እሬቶቹን አለፉ። የማይወዱትን ቀይ አበባ በጀርባ እጃቸው ገፋ አደረጉና ከኋላው ጣሳዎቹን አገኟቸው። አንድ ቅጠል ቀነጠሱ፣ አሸተቱ።

«ጎመን» አሉ። «ወር ሊሞላው ነው። ማን ዘራው?»

«እኔ።»

«ለመቼ?»

ያኔ መልካም ውሸት ብዙ ነበር። ለጎረቤት ልሰጥ ነው ልል እችል ነበር። ሙከራ ነው ልል እችል ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ጣቶቼ ይቃጠሉ ነበር፤ ለሳምንታት የተሸከምኩትም ነገር ከጀሪካኑ ይከብድ ነበር።

«ለጾሙ ነዋ አባዬ። ጾሙ የሚገባው የካቲት ዘጠኝ ነው። መጋቢት አይደለም። አገር ያውቀዋል።»

አገር ማወቁን እንኳን አላውቅም ነበር፤ ንዴት ነው ያስባለኝ። እንዳልኩት ጸጸተኝ፤ የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

አባቴ ወደ መደባቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በአውራ ጣታቸው አንጓቸውን መቁጠር ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆሙ። እኔ ጀሪካኖቹ መሃል እንደቆምኩ ነኝ።

«መጋቢት ስንት ነበር ያልሁሽ?» አሉኝ።

«ሰባት።»

«ሰባት» አሉ። «ከአምስት እንደማያልፍ ፊደል የለየ ልጅ ያውቀዋል።»

ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠሩ። ቁጥሩ መጥቅዕ የሚባል መታጠፊያ አለው፤ ከዐሥራ አራት ከበለጠ መስከረም ላይ ይውላል፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ። የዚያ ዓመቱ ዐሥራ ስምንት ነበር። እሳቸው ወሩን ስተው ጥቅምት ላይ አውለውታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ተንሸራተተ።

«የመስከረም ነበር» አሉ። «የመስከረሙን ጥቅምት አደረግሁት።» እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ለማን ለማን ነገርሁ?» አሉኝ።

ለጎረቤታችን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጠይቃቸው ለሚመጣው ለመሪጌታው፣ ለሱቅ ባለቤቱ። እኔ የማውቀው እነዚህን ነበር።

«ሂጂ ንገሪያቸው። ዛሬውኑ። ሰው በእኔ አፍ ጾም እንዳይሽር።»

ሳልቀመጥ ወጣሁ። መጀመሪያ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። ከሠርጉ የተረፈውን ድንኳን እንጨት እያስቆጠሩ ነበር።

«እትዬ፣ አባባ ልከውኝ ነው። ጾሙ የሚገባው የካቲት ዘጠኝ ነው፤ መጋቢት ያሏችሁ ተሳስተው ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። «አውቃለሁ ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዕንቁጣጣሽ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲታወጅ ሰምተነዋል። የኔታ ሌላ ሲሉኝ ዝም ብዬ ሠርጉን ወደ ጥር አመጣሁት እንጂ ምን እላቸዋለሁ? አንቺስ ማን ነገረሽ?»

ባለ ሱቁም ያውቅ ነበር። ካላንደሩን እሱ ራሱ ሰቅሎታል፤ ለአባቴ ግን «እሺ የኔታ» ብሎ አልፏል። መሪጌታው ዘንድ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከተማሪዎቹ ጋር አገኘሁት። የዓመቱን ጾም ዕንቁጣጣሽ ዕለት ያወጀው እሱ ነው። አባቴ ናቸው ያስተማሩት። ነገሩን ስነግረው ወደ መሬት አየ።

«በየቅዳሜው ስመጣ፣ ዛሬስ አስታውሰውት ይሆናል እያልኩ ነበር» አለኝ። «የእኔን ደብተር ያረሙ እሳቸው ናቸው እኅቴ። እኔ እሳቸውን በምን አፌ አርማለሁ? አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር። ወደ ቤት ስመለስ አስፋልቱን ይዤ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። ሰፈሩ ሁሉ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ነገር ደብቆ አባቴን አክብሯቸው ኖሯል፤ ሠርግ እስከ መቀየር ድረስ። እኔ አንድ ቤት እየኖርኩ ከሁሉ በኋላ ሰማሁ፣ ከሁሉ ቀድሜ ግን ፊታቸው ላይ ተናገርኩ፤ ያውም እጄን ጀሪካን ላጠኝ ብዬ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

አባቴ መብራት ሳይበራ ተቀምጠዋል። ለእሳቸው ለውጥ የለውም።

«ምን አሉ?»

ሁሉንም ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ሰዎቹ ቀድመው እንደሚያውቁ፣ ለክብራቸው ብለው እንደተዉት፣ እንደሚወዷቸው። ይህን ቢሰሙ የሚያጽናናቸው ይሁን የሚሰብራቸው አልለየልኝም።

«እግዜር ይስጥልን፣ በጊዜ ደረሱልን አሉ» አልኩ።

«የሳቀ የለም?»

«የሳቀ የለም አባዬ።» ይህኛው እውነት ነበር።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ችግኙን ከሳምንት በኋላ ታወጪዋለሽ፤ ሌሊት ሌሊት ቅርጫት ይደፋበት። ዘግይቷል፣ ግን ይደርሳል» አሉ። እንዳሉት አደረግኩ። ቤት ውስጥ ያለ የሌለውን አሮጌ ቅርጫት ሁሉ ደፋሁበት። ጥቂቱን አመዳይ ፈጀው፣ የቀረው ያዘ። ደብረ ዘይት አልፎ በሳምንቱ የመጀመሪያውን ጎመን ቀጠፍኩ። አባቴ ቀመሱና «ጨው ጨምሪበት» አሉ፤ ሌላ አላሉም።

ከዚያ ወዲያ ሰው ቀን ሲጠይቃቸው «ልጄን ጠይቋት» ማለት ጀመሩ። ሰዎቹ ግን አሁንም እሳቸውን ነው የሚጠይቁት። መሪጌታው በየቅዳሜው ይመጣል።

ዘንድሮ ዕንቁጣጣሽ ጉልበታቸው ደህና ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስላቸው አልፈለጉም። የዚያን ቀን ጣታቸውን ሲቆጥሩም አላየሁም። ብርዱ ሲገባ ጣሳዎቼን ማስገባት ጀመርኩ። አንድ ማታ የመጨረሻውን፣ ቀዩን አበባ፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የአምናውን ሥዕል በላጲስ አጥፍቼ እዚያው ላይ ነው የምሥለው፤ ወረቀት ተወዷል። ድንቹን አስቀመጥኩ፣ ሽንኩርቱን አስቀመጥኩ፣ የጎመኑን መደብ ባዶ ተውኩና ጠበቅኩ። እሳቸው ናቸው ሁልጊዜ ቀኑን የሚሰጡኝ። እንደገና ቀድሜ መናገር አልፈለግኩም።

«ተማሪዎችሽ ገቡ?» አሉ በመጨረሻ።

«ገቡ አባዬ።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ እንደማያዩኝ አውቃለሁ፣ ግን አዞሩ።

«ጾሙ ዘንድሮ መቼ ይገባል?» አሉኝ።

የገዛሁት ካላንደር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ከመስከረም ጀምሮ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አልደፈርኩም። ሳላወጣው ቀኑን ነገርኳቸው፤ በቃሌ ይዤው ነበር።

«ደግ» አሉ። «እንግዲያው ዘሩን አውርጂው፤ አብረን እንቁጠር።»